ከቆዳው በታች፣ ከጡንቻው በላይ፦ የቢቢኤል ታሪክ

ቢቢኤል የሚባለው ቀዶ ጥገና ስሙ ሲተነተን “የብራዚል መቀመጫ ማንሻ” እንደ ማለት ነው። ሦስት ቃል። ከሦስቱ ልክ የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም “መቀመጫ” የሚለው። ቀዶ ጥገናው የወደቀ ነገር አያነሳም፤ ከሆድና ከወገብ ስብ መጥጦ ኋላ ላይ ይጨምራል እንጂ። ብራዚላዊነቱም ቢሆን ያከራክራል። ወደ ኋላ እየቆፈርን ስንሄድ አንድ ጀርመናዊ፣ አንድ ፈረንሳዊ፣ የቴክሳስ፣ የሜክሲኮና የአርጀንቲና ሐኪሞች ሁሉ እጃቸውን አስገብተውበታል።

ቢቢኤል ለመሠራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን ይጠብቀኛል?” ብሎ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ትራሱና ስለ ጠባቡ ልብስ ነው። እሱን እኔም ወደ ታች አወራለሁ። ግን አንድ ሌላ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ፦ ሐኪሞቹ ራሳቸው ምን እንደሚጠብቅ ያወቁት መቼ ነው? መልሱን ሳገኘው ደነገጥኩ። ቀዶ ጥገናው በስፋት መሠራት ከጀመረ ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2017 ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከብራዚል እንጀምር፤ ስሙን የወሰደችው እሷ ናትና። ዲሴምበር 17 ቀን 1961 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ባለችው በኒቴሮይ ከተማ፣ ተመልካች ጢም ብሎ የሞላበት የሰርከስ ድንኳን በእሳት ተያያዘ። ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት ነበር። ከ500 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት። የተረፉትን ለማከም ከሪዮ ባሕሩን ተሻግረው ከሄዱት መካከል ዶክተር ኢቮ ፒታንጊ የሚባሉ፣ አሜሪካ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተምረው የተመለሱ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ከሌሎች ጋር ሆነው ከደህናው ገላ ቆዳ እያነሱ የተቃጠለው ላይ እየተከሉ ልጆቹን አከሙ። ዛሬ “ፕላስቲክ ሰርጀሪ” ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አፍንጫና ዳሌ ነው። ሙያው ግን ያደገው በጦርነት ቁስልና በቃጠሎ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ሐኪሞችም የዚሁ ሙያ ሰዎች ናቸው።

ፒታንጊ ግን ሁለቱን አልለያዩም። ሪዮ ውስጥ ሳንታ ካዛ በሚባለው ጥንታዊ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ለድሆች የሚሠራ ክፍል አቋቋሙ፤ ቦታፎጎ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ሀብታምና ዝነኛ የሚመጣበት የግል ክሊኒክ ከፈቱ። ድሃም ቆንጆ የመሆን መብት አለው የሚለው ሐሳባቸው በብራዚል ተቀባይነት አገኘ። ፊቱ የተቃጠለ ልጅ ከሰው እንደሚሸሽ አይተዋል። ከዚያ ተነስተው “በመልኩ አፍሮ ከሰው የሚሸሽስ?” ወደሚለው ተሻገሩ። እዚህ መሻገሪያ ላይ እኔ ሁለት ልብ ነኝ። ስቃይ የግድ ጠባሳ ሊኖረው ይገባል ማለት ጭካኔ ነው። ግን ደግሞ ሐኪም በቢላው ሊደርስበት የሚችለውን ሐዘን ሁሉ ሕመም ካለው ማቆሚያው የት ነው? ለማንኛውም ብራዚል ሰውየውን ወደደቻቸው። በ1999 አንድ የሪዮ ሳምባ ማኅበር የካርኒቫል ትርኢቱን በሳቸው ላይ ሠራ። ኦገስት 5 ቀን 2016 የኦሎምፒክ ችቦ ተሸከሙ፤ በማግሥቱ አረፉ።

ታዲያ በ1964 ያሳተሙት አንድ ጽሑፍ ነው የዛሬው ስም መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው። ጽሑፉ የሚያወራው ከዳሌ አጥንት ጎን፣ ጭን ላይ ስለሚጠራቀም ስብ ነው። መቀመጫ ከጭን በሚለይበት እጥፋት ላይ ይቀደዳል፤ ትርፉ ቆዳና ስብ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ወደ ላይ ተስቦ ይሰፋል። ልብ በሉ፣ ተቆርጦ ይወጣል ነው የሚለው! የመጀመሪያው ማንሻ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አልነበረም። ስሙ ተርፎ ሥራው ተገለበጠ።

ብራዚላውያን መቀመጫን “ቡንዳ” ይሉታል። ቃሉ ከፖርቱጋል የመጣ አይደለም፤ በባርነት ከአንጎላ ተጭነው ከሄዱ ሰዎች ቋንቋ፣ ከኪምቡንዱ የተወሰደ ነው። የኛ አማርኛ ጨዋ ነው፤ ወይ “ዳሌ” ብሎ ወደ ጎን ያመልጣል፣ ወይ “መቀመጫ” ብሎ በሥራው ይጠራዋል። ዋናውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናቴ ይህን ልታነብ ስለምትችል እተወዋለሁ።

ቃሉ አፍሪካዊ መሆኑ ሌላ አፍሪካዊት አስታወሰኝ። ሳራ ባርትማን የደቡብ አፍሪካ የኮይኮይ ተወላጅ ነበረች። በ1810 ለንደን ተወስዳ ፒካዲሊ ላይ በክፍያ ለሕዝብ ታየች፤ ሰው የሚከፍለው መቀመጫዋን ለማየት ነበር። ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በፈቃዷ ነው ተብሎ ተዘጋ። በ1814 ፓሪስ ገባች፣ በ1815 መጨረሻ እዚያው ሞተች። ዦርዥ ኩቪዬ የተባለው ዝነኛ የተፈጥሮ ሊቅ ሬሳዋን ቀዶ መረመረ። አጽሟና ከገላዋ የተወሰደው የጄሶ ቅርጽ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በፓሪስ ሙዚየም ለጎብኚ ቆሞ ነበር። እንድትመለስ የጠየቁት ኔልሰን ማንዴላ ናቸው፤ አገሯ የተቀበረችው በ2002 ነው። የአውሮፓ ሴቶች ከቀሚሳቸው ኋላ ያስሩት የነበረው የሽቦና የትራስ ጉብታ ከሷ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ ይጥማል፤ ግን ያ ጉብታ የገነነው በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ፣ እሷ ከሞተች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ስለሆነ ለኔ አልተዋጠልኝም። የሚገርመኝ ሌላው ነው። ያው ቅርጽ በአፍሪካዊት ገላ ላይ ሲሆን ጉድ ተብሎ ቲኬት ተቆረጠበት፤ በእመቤቶቹ ቀሚስ ላይ ሲሆን ፋሽን ተባለ።

ወደ ቀዶ ጥገናው ልመለስ። የሚጨምረው ሥራ የተጀመረው በሲሊኮን ነው። በ1962 ሂውስተን ከተማ ሁለት ሐኪሞች የመጀመሪያውን የሲሊኮን ጡት ለአንዲት ሴት አስገቡ። በ1969 ደግሞ ያንኑ ለጡት የተሠራ ከረጢት በአንድ ጎን የመቀመጫው ጡንቻ የሰለለ ታካሚ ላይ የሞከሩ ሐኪሞች ሥራቸውን አሳተሙ። በ1973 ለመልክ ብቻ ተብሎ የተሠራ ታተመ፤ በነዚያው ዓመታት ሜክሲኳዊው ማሪዮ ጎንዛሌዝ ኡሎዋ ለዚሁ ቦታ ተብሎ የተቀረጸ ሲሊኮን ይዘው መጡ። ችግሩ፣ ሰው ጡቱ ላይ አይቀመጥም። መቀመጫ ግን ቀኑን ሙሉ ክብደት ይሸከማል። ከረጢቱ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴ ይገለበጣል፣ ስፌቱ ይከፈታል፣ ይመረቅዛል። ሥራው ዛሬም አለ፤ በተለይ የሚመጠጥ ስብ ለሌላቸው ቀጭን ሰዎች።

ስብን ከቦታ ቦታ ማዛወር ግን ከሲሊኮን ይቀድማል። በ1893 ኪል ከተማ የነበሩት ጉስታቭ ኖይበር ከክንድ ትንንሽ የስብ ቁራጭ አውጥተው የተጎደጎደ የፊት ጠባሳ ሞሉበት። ትንሹ ቁራጭ እንደሚጸድቅ፣ ትልቁ ግን እንደሚሟሟ ያኔውኑ አስተውለዋል። ስብ ማውጣት በበኩሉ ክፉ ታሪክ ነበረው። በ1926 ፓሪስ ውስጥ ሻርል ዱዣርዬ የተባሉ ሐኪም የአንዲት ሴት እግር እንዲቀጥን ከባቷ ስብ ፍቀው አወጡ። እግሯ ሞተ፣ ተቆረጠ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪም ነገሩን ሸሸው። በ1970ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ጆርጆ ፊሸር፣ በ1977 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ኢቭ ዤራር ኢሉዝ መላ አመጡ። የኢሉዝ ብልኃት ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ ውሃ መሰል ፈሳሽ ወግቶ ስቡን ማላላት፣ ከዚያ ጫፉ ስል ባልሆነ ቱቦ መምጠጥ። ስል ያልሆነ ቱቦ ነርቭና የደም ሥር ሲያገኝ ገፋ አድርጎ ያልፋል እንጂ አይቆርጥም ተባለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በ1980ዎቹ ብራዚልና አርጀንቲና ያሉ ሐኪሞች ሁለቱን አገናኙ። ባልዲ ሙሉ ስብ መጥጦ መድፋት ምን ይባላል? ከዚህ አውጥተን እዚያ እናግባው አሉ። ከጡትና ከፊት ይልቅ ብዙ የሚችለው መቀመጫ ነበር፤ በየጎኑ ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚወሰነው። ስብ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሲነቀል የደም ሥሩ ይቋረጣል። አዲሱ ቦታ ላይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከጎረቤቱ በሚሰርገው ምግብና ኦክስጅን ይቆያል፤ ከዚያ አዲስ የደም ሥር ካልደረሰለት ይሞታል። ልክ እንደ ችግኝ ነው፤ ውሃ ያለበት ቦታ ትተክለዋለህ። እና ሰውነት ውስጥ ደም የበዛበት ቦታ የት ነው? ጡንቻ። ስለዚህ ብዙዎቹ ስቡን ከቆዳው ሥር ብቻ ሳይሆን ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ውስጥም ይወጉት ጀመር። ትምህርት ቤት ተማሩት፣ ጉባኤ ላይ አስተማሩት። ስንፍና ወይም ድንቁርና ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል ይሆን ነበር። ሰው የገደለው ግን እንከን የማይወጣለት የሚመስል ሐሳብ ነው።

በ2010ዎቹ ኢንስታግራም መጣ፤ ቀጭን ወገብና ሰፊ ዳሌ የዓለም ሁሉ መለኪያ ሆነ። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ቁጥር እንደሚለው ከ2012 እስከ 2017 ድረስ በስብ የሚሠራው መቀመጫ ከእጥፍ በላይ አደገ። ማያሚ ዋና ከተማው ሆነች። በቅናሽ፣ በዱቤ፣ በቀን ለብዙ ሰው የሚሠሩ ክሊኒኮች ተፈለፈሉ።

የሞቱትስ? ይኼን ክፍል ስጽፍ ይከብደኛል። አንዲት ሴት ሜክሲኮ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ትሞታለች፣ ሌላዋ ኮሎምቢያ፣ ሌላዋ ፍሎሪዳ። አንድ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ቢያይ አንድ ነው፤ ያየውንም ጉባኤ ላይ አያወራውም። ለቤተሰቡ “አጋጣሚ ነው” ይባላል፣ ፋይሉ ይታጠፋል። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም አጋጣሚ ይመስላሉ። በ2015 የሜክሲኮና የኮሎምቢያ ሐኪሞች የየአገራቸውን ሰብስበው ቆጠሩ፦ ሜክሲኮ 13፣ ኮሎምቢያ 9፣ በድምሩ መቀመጫቸው ላይ ስብ ሲወጋ የሞቱ 22 ሰዎች። በ2017 አንድ ግብረ ኃይል በዓለም ዙሪያ ላሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች መጠይቅ ላከ፤ 692 መለሱ። ከነሱ እጅ ብቻ 32 ሰው ሞቷል። በ2018 ማኅበራቱ በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ ከ3,000 ታካሚ አንድ እንደሚሞት ገመቱ፤ ለመልክ ከሚሠሩ ቀዶ ጥገናዎች ሁሉ የከፋው። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ማኅበር አባላቱን በቃ አቁሙ አለ።

የአስከሬን ምርመራዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። የሞቱት ሁሉ ጡንቻቸው ውስጥ ወይም ከጡንቻው ሥር ስብ ነበር። ከቆዳ በታች ከጡንቻ በላይ ብቻ ስብ ተገኝቶበት የሞተ አንድም አልነበረም።

ምክንያቱ ከዚያ ትልቅ ጡንቻ ሥር ነው። ወደ ልብ ደም የሚመልሱ ወፋፍራም፣ ግድግዳቸው ግን ስስ የሆኑ የደም ሥሮች እዚያ ያልፋሉ። ቱቦው ጡንቻው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አንዱን ይቀደዋል፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ስል ያልሆነ ጫፍ እዚህ አላዳነም። በዙሪያው በግፊት የተወጋ ስብ አለ፣ የተቀደደው ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ግን ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ስቡ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ወደ ሆድ ትልቁ የደም ሥር፣ ከዚያ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ። የሳንባው የደም መንገድ ይዘጋል። ብዙዎቹ የሞቱት ገና ሰመመን ላይ እያሉ ወይም በሰዓታት ውስጥ ነው። ደም የበዛበት ቦታ ይሻላል የተባለው፣ የገደለው ያው ደም የበዛበት መሆኑ ነው።

ከዚያ ሕግ መጣ። ፍሎሪዳ በ2019 ስብን ጡንቻ ውስጥ መውጋት ከለከለች። ይህም አልበቃ። ከ2010 እስከ 2022 ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ብቻ 25 ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ በርካሽ ለብዙ ሰው በሚሠሩ ክሊኒኮች። ሐኪሙ “ከጡንቻው በላይ ነኝ” ብሎ ያምናል፤ እጁ ግን አያይም፣ ሲደክም ደግሞ ይባስ አያይም። በ2022 ሁለት ነገር ተጨመረ፦ አንድ ሐኪም በቀን ከሦስት በላይ እንዳይሠራ፣ ሲወጋም የቱቦውን ጫፍ በአልትራሳውንድ እያየ እንዲሆን። በዚያው ዓመት ብሪታንያም በተመሳሳይ ቅድመ ሁኔታ እገዳውን አላላች። አሠራሩ የተለወጠባቸው ሐኪሞች ቁጥር ደህና ነው፤ በ2020 የታተመ ሌላ ዳሰሳ ግምቱን ከ14,921 አንድ ላይ አውርዶታል። እንግዲህ አደጋው ያለው ቀዶ ጥገናው ስም ላይ ሳይሆን የቱቦው ጫፍ የት እንዳለ ላይ ነው። የምታስብ ሰው ሐኪሟን ልትጠይቅ የሚገባትም ይኸው ነው፦ ስቡን የት ነው የምታስገባው? በአልትራሳውንድ እያየህ ነው ወይ? ዛሬ ከኔ በፊት ስንት ሰው ሠርተሃል? የሚቆጣ ካለ መልሱን ሰጥቷል።

ቀዶ ጥገና የለውም፣ መርፌ ብቻ ነው የሚባለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፈሳሽ ሲሊኮንና መሰሎቹ ሥጋ ውስጥ ይሰርጋሉ፣ ይጠጥራሉ፣ ከዓመታት በኋላ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይቻልም። ቬኔዝዌላ በ2012 የከለከለችው ወዳ አይደለም።

እና በደህና እጅ የተሠራው ሰው ምን ይጠብቀዋል? መጀመሪያ፣ ከመቀመጫው በላይ የሚያመው ስብ የተመጠጠበት ቦታ ነው፤ ሆድና ወገብ በልዞ፣ አብጦ፣ በዱላ የተደበደበ ይመስላል። ለሳምንታት ጠባብ ልብስ ይለበሳል። ለሁለት ሳምንት ያህል መቀመጫ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ በደረት ወይም በጎን ይተኛል፣ የግድ ሲሆን ትራሱ ከጭን ሥር ገብቶ መቀመጫው አየር ላይ ይንጠለጠላል። ክብደት ከተጫነበት አዲሱ ስብ ደም አያገኝማ። ኢስታንቡል ተሠርተው በሳምንቱ ለመመለስ ቲኬት ለሚቆርጡ ይኼን ላስታውስ፦ አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ያህል በረራ ነው፣ አምስት ሰዓት በምን ላይ ተቀምጠው? ከቀዶ ጥገና በኋላ ረጅም በረራ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ማድረጉ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ቀድሞ ማቆም አለበት፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል።

ከተወጋው ስብ ጥሩ ድርሻው አይጸድቅም፤ ሲሦው ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰውነት መልሶ ይውጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት መስታወት ይዋሻል፣ እብጠትም አለበት። ቅርጹ የሚረጋው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የተረፈው ስብ የሰውየው የራሱ ነው፤ ሲወፍር ይወፍራል፣ ሲከሳ ይከሳል። ሰሞኑን ደግሞ ፋሽኑ ወደ ቀጭን እያዘነበለ፣ ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎች እየበዙ፣ የዛሬ ስድስትና ሰባት ዓመት ያስጨመሩ ሰዎች ቀንሱልን እያሉ ወደ ሐኪም መመለስ ጀምረዋል። ሥራው እንደ 1964ቱ በቢላ ሳይሆን በኢሉዝ ቱቦ ነው የሚሠራው።